ከኮሶ እስከ ታሞክሲፌን፦ መድኃኒትና ጣጣው በሰሜን ሸዋ

ታሞክሲፌንና አናስትሮዞል የጡት ካንሰርን የሚገቱት የሚመግበውን ሆርሞን በማገድ ነው። ከጡት ካንሰር ዓይነቶች አብዛኞቹ ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን እየተቀበሉ ያድጋሉ። ታሞክሲፌን ሆርሞኑ በሕዋሱ ላይ የሚያርፍበትን ተቀባይ ቀድሞ ይይዛል፤ አናስትሮዞልና መሰሎቹ ደግሞ ሰውነት ኤስትሮጅን እንዳይሠራ ያደርጋሉ። የኤስትሮጅን ሥራ ግን በጡት ላይ አያበቃም። አጥንት እንዳይሳሳ ይጠብቃል፣ የሰውነትን ሙቀት በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ላይ ይሠራል፣ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚታዘዘው ለእርሱ ነው፣ እንቅልፍና ስሜትም ከእርሱ ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ የእነዚህ መድኃኒቶች ጥቅምና የጎንዮሽ ጉዳት ከአንድ ምንጭ ይወጣሉ። ካንሰሩን የሚያስርበው እገዳ ሴቲቱን ያለ ዕድሜዋ የማረጥን ጣጣ ያሸክማታል።

መድኃኒቶቹ ወደ ሰሜን ሸዋ የደረሱት ዘግይተው ነው። መድኃኒትን ከነጣጣው የመውሰድ ልማድ ግን በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ሥር የሰደደ ነው፤ አዲሱ ክኒን ያረፈውም በዚያ ልማድ ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንኮበርና ኮሶ

መድኃኒት የሚያድነው አስቸግሮ እንደሆነ ለሸዋ ደገኛ ያስተማረው ኮሶ ነው። በአንኮበር ዙሪያ ባሉት ደኖች፣ በተለይም በወፍ ዋሻ፣ የኮሶ ዛፍ ከጽድ ጋር ተቀላቅሎ ይበቅላል። የሴቴው ዛፍ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ከዚያም ተበጥብጦ በጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል የማያውቀው ጎልማሳ ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በየጊዜው የሚደገም የቤት ሥርዓት ሆኖ ኖረ። አበባው ባሕር ተሻግሮም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር።

ኮሶ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ጉልበት ያሳጣል። መጠኑ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፤ ሕይወትም የሚቀጥፍበት ጊዜ አለ። ነፍሰ ጡር ከጠጣችው ጽንሷ ሊወርድ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚሰጠውም የሚጠጣውም ያውቅ ነበርና ለጣጣው ሥርዓት ተበጀለት። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ አይጠየቅም፣ ደጅ አይወጣም፣ እንግዳ አይቀበልም። በመኳንንቱ ቤት «ኮሶ ጠጥተዋል» የሚል መልስ የመጣውን ባለጉዳይ ያለ ቅያሜ ለመመለስ በቂ ምክንያት ነበር። ከዚያ ትሉ ሲወጣ በዓይን ይታያል፣ ነገሩም ያልቃል። የኮሶ ጣጣ አስቀድሞ የታወቀ፣ በአንድ ቀን የሚያልፍ፣ ውጤቱም የሚታይ ነበር። ሰው ያንን ያህል መከራ ለዘመናት እየደጋገመ የተቀበለው እነዚህ ሦስቱ ስለተሟሉለት ነው።

የአውሮፓ ሕክምና አንኮበር የደረሰው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በ1839 ገባ፤ በ1841 የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ሐኪሙን ኪርክን ይዞ መጣ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን በአልዩ አምባ ተቀመጠ። በምኒልክ የሸዋ ንጉሥነት ዘመን፣ በ1876፣ ማርኬዝ አንቲኖሪ የመራው የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጉዞ ሸዋ ገብቶ ከአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ ጣቢያ አቋቋመ፤ ራጋዚና ትራቨርሲ የተባሉ ሐኪሞችም በዚያ ኖረዋል። በእነዚህ ሰዎች ሻንጣ ውስጥ ለጡት ካንሰር የሚሆን መድኃኒት አልነበረም። ለነገሩ በአገራቸውም አልነበረም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ፋኒ በርኒ በ1811 በፓሪስ ጡቷ የተቆረጠው ያለ ማደንዘዣ ነው። ሃሪስ ሣህለ ሥላሴ ፊት በቆመበት ጊዜም ኤተር ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣነት በይፋ ሊታይ ገና አምስት ዓመት ይቀረው ነበር። በጡቷ ላይ እብጠት የወጣባት የአንኮበር ሴት ጠበል፣ ጸሎት፣ የደብተራ ክታብ፣ የመድኃኒት አዋቂ ሥር ወይም የጋለ ብረት ነበራት፤ የለንደኗ ሴት ቢላዋ ነበራት። ሁለቱም በአብዛኛው በዚያው በሽታ ይሞቱ ነበር።

ከግላስጎው እስከ ማንቸስተር

ጡትና እንቁላል አመንጪ ዕጢዎች (ኦቫሪዎች) የተያያዙ መሆናቸውን በተግባር ያሳየው የግላስጎው ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን ነው። ወጣት ሳለ ስለ ጡት ማጥባት ያጠና ነበርና ከብት አርቢዎች ላም ከወለደች በኋላ ኦቫሪዋን ቢያወጡ ወተቷ ለረጅም ጊዜ እንደሚቀጥል ሰማ። በግና ላም ለሚያረባው የመንዝና የደብረ ብርሃን ሰው ይህ እንግዳ አስተሳሰብ አይደለም፤ የእንስሳ አካል የሚያስተምረውን ለሰው መጠቀም የእረኛ ዕውቀት ነው። ቢትሰን በ1895 በጡት ካንሰር የተያዘችና ሌላ ተስፋ ያልነበራት ወጣት ሴት ሁለቱንም ኦቫሪዎች አወጣ፤ የካንሰር ዕጢዋ ለጊዜው ጠፋ። ውጤቱን በ1896 አሳተመ። ሆርሞን የሚለው ስም እንኳ ገና አልወጣም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስታንሊ ቦይድ የተባለ ሐኪም በዚህ መንገድ የታከሙ ሴቶችን ታሪክ ሲያሰባስብ ከሦስቱ አንዷ ያህል እንደተሻላት አገኘ። የቀሩት ሁለቱ ኦቫሪያቸውን በከንቱ አጡ፤ የትኛዋ እንደምትጠቀም አስቀድሞ የሚያሳይ ምርመራ አልነበረም። የጎንዮሽ ጉዳቱም ከባድ ነበር። የ30 ዓመቷ ሴት በአንድ ቀን አረጠች፣ ሙቀትና ላብ ያዛት፣ ልጅ የመውለድ ተስፋዋ ተቆረጠ፣ አጥንቷም ቀስ በቀስ ሳሳ። በ1950ዎቹ ሕክምናው ይብስ ጠነከረ፤ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች ወይም በአንጎል ሥር ያለውን ፒቱታሪ ዕጢ እስከ ማውጣት ተደረሰ። በዚያው ዘመን በብዛት ይሰጥ የነበረው የወንድ ሆርሞን ለሴቲቱ ጢምና ወፍራም ድምፅ ያመጣ ነበር፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ደግሞ ማስመለስና የደም መርጋት ያስከትል ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤልውድ ጄንሰን በቺካጎ የኤስትሮጅንን ተቀባይ ሲያገኝ የቦይድ ጥያቄ መልስ አገኘ፦ ተቀባዩ ያለበት ዕጢ ለሆርሞን እገዳ ይመልሳል፣ የሌለበት አይመልስም።

ታሞክሲፌን የተሠራው ለካንሰር ተብሎ አልነበረም። አይሲአይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በቼሻየር አልደርሊ ፓርክ በነበረው ቤተ ሙከራ የወሊድ መከላከያ ይፈልግ ነበር። የኬሚስትሪ ባለሙያዋ ዶራ ሪቻርድሰን በ1962 የቀመመችው ውሕድ በአይጥ ላይ ጽንስን ከለከለ፤ በሴቶች ላይ ሲሞከር ግን እንቁላል እንዲወጣ የሚያነሣሣ ሆኖ ተገኘ። የወሊድ መከላከያነቱ በዚያው ከሸፈ። የምርምሩ መሪ አርተር ዋልፖል ግን ውሕዱ እንዳይጣል ተከራከረ፤ በጡት ካንሰር ላይም እንዲሞከር አደረገ። በ1971 ሜሪ ኮል በማንቸስተር ክሪስቲ ሆስፒታል በሽታቸው በገፋ 46 ሴቶች ላይ ያደረገችውን ሙከራ አሳተመች፤ 10ሩ ተሻላቸው።

ይህ ቁጥር ቀድሞ ከነበሩት መድኃኒቶች የተሻለ አልነበረም። ታሞክሲፌን ቦታ ያገኘው ጣጣው ቀላል ስለነበር ነው። ጢም አያበቅልም፣ እንደ ኤስትሮጅኑ ሴቲቱን አልጋ ላይ አይጥላትም። በእንግሊዝ አገር በ1973፣ በአሜሪካ በ1977 መጨረሻ ፈቃድ አገኘ። ዛሬ በጎንዮሽ ጉዳቱ የሚታማው መድኃኒት ሐኪሞች ዘንድ መጀመሪያ የተወደደው በጎንዮሽ ጉዳቱ ማነስ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? የተለወጠችው የምትውጠው ሴት ናት። የ1971ዷ ሕመምተኛ ካንሰሩ በመላ ሰውነቷ የተሰራጨ፣ ወራት የቀሯት ሴት ነበረች፤ ለእርሷ የሚመጣና የሚሄድ ሙቀት ትንሽ ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቀዶ ሕክምናዋን ጨርሳ ዕጢው ወጥቶላት ጤነኛ ሆና የምትኖር ሴት በሽታው እንዳይመለስባት መድኃኒቱን ለዓመታት እንድትወስድ ተደረገ፤ ለዚህ መሠረት ከጣሉት ዋናው ክሬግ ጆርዳን የተባለው ተመራማሪ ነው። ጥቅሙ ትልቅ መሆኑ አያከራክርም። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየውና በ2011 የታተመው ትንታኔ፣ ተቀባዩ ባለበት ካንሰር ታሞክሲፌንን አምስት ዓመት መውሰድ በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞትን ዕድል በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ጥቅም ግን ለራሷ ለሴቲቱ አይታያትም። ያልተመለሰ ካንሰር አይዳሰስም፤ የሚዳሰሰው በየሌሊቱ የሚያጠምቃት ላብ ነው። ኮሶን ያስቻሉት ሦስቱ ነገሮች እዚህ ላይ ጎደሉ፦ ጣጣው አስቀድሞ አልተነገራትም፣ በአንድ ቀን አያልፍም፣ ውጤቱም አይታይም።

ዘግይተው የታወቁ ጉዳቶች

ሙቀት፣ የሌሊት ላብ፣ የወር አበባ መዛባት፣ የብልት ፈሳሽና ድርቀት ከመጀመሪያው የታወቁ ነበሩ። ከባዶቹ የታወቁት ሴቶች መድኃኒቱን ለዓመታት መውሰድ ሲጀምሩ ነው። ታሞክሲፌን በጡት ላይ ኤስትሮጅንን ቢያግድም በማህፀን ሽፋን ላይ እንደ ኤስትሮጅን ይሠራል፤ ሽፋኑን ያወፍራል፣ በጥቂት ሴቶች ላይም ካንሰር ያስነሣል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ነጠላ ሕመምተኞች ላይ የታየው ነገር በ1989 በስቶክሆልም ጥናት፣ በ1994 ደግሞ በአሜሪካ ጥናት ተረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1996 ታሞክሲፌንን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መደበው፤ ለጡት ካንሰር ሕክምና ያለው ጥቅም ከጉዳቱ እንደሚያመዝን ግን አልተካደም። መጠኑን ለማወቅ በ2012 የወጣው አትላስ የተባለው ሰፊ ጥናት ይረዳል። መድኃኒቱን ለአሥር ዓመት ከቀጠሉት ሴቶች ከአምስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ዓመት ድረስ በማህፀን ሽፋን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 3.1 በመቶ፣ በአምስት ዓመት ካቆሙት 1.6 በመቶ ነበር። አደጋው በዋናነት ካረጡ በኋላ በሚወስዱት ላይ ነው፤ በወጣቶች ላይ እጅግ ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ጉዳት በእግር ሥር ውስጥ ደም መርጋትና የረጋው ደም ወደ ሳንባ መሄዱ ነው። የዓይን ሞራና የጉበት ስብ መጨመርም ይታያሉ። በአንጻሩ ባረጡ ሴቶች ላይ ታሞክሲፌን አጥንትን ይደግፋል፣ ኮሌስትሮልንም ዝቅ ያደርጋል።

አናስትሮዞል በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ሌትሮዞልና ኤግዜሜስታን ተከትለውት መጡ። በ2002 የታተመው ከ9,000 በላይ ያረጡ ሴቶችን ያካተተ ጥናት አናስትሮዞል የካንሰሩን መመለስ በመከላከል ከታሞክሲፌን እንደሚበልጥ፣ የማህፀን ካንሰርንና የደም መርጋትንም እንደማያበዛ አሳየ። ዋጋው ሌላ ሆነ፦ ጠዋት የሚያስነክስ የመገጣጠሚያ ሕመምና የአጥንት መሳሳት። እነዚህ መድኃኒቶች ኦቫሪዋ ገና ለሚሠራ ሴት ብቻቸውን አይጠቅሙም፤ ኦቫሪውን የሚያስቆም መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና ሊጨመርላቸው ይገባል።

ወደ ኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ለካንሰር የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ ለረጅም ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው ማዕከል እርሱ ነበር። ሆርሞን አጋጆቹ በስፋት መታደል የጀመሩት በ2005 ነው። አክሲዮስ የተባለው ድርጅትና አስትራዜኔካ ኩባንያ በጥቁር አንበሳ ባካሄዱት የጡት ካንሰር ፕሮጀክት ታሞክሲፌንና አናስትሮዞል በነፃ ይሰጡ ነበር። ከዚያ በፊት ክኒኑን ያገኘች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ገዝታ ወይም ከውጭ ዘመድ ልኮላት ነው።

ከ2005 እስከ 2010 በዚያ የታከሙ 1,070 ሴቶችን ታሪክ የያዘውና በ2014 የታተመው ጥናት ስለ በሽተኞቹ የሚለው ሊጤን ይገባዋል። የዕድሜያቸው መካከለኛ 43 ዓመት ነበር። ደረጃቸው ከታወቀው ውስጥ በአንደኛ ደረጃ ላይ ሳሉ የመጡት 4 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 46 በመቶዎቹ ሦስተኛ፣ 25 በመቶዎቹ አራተኛ ደረጃ ደርሰው ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት በ352 ሴቶች ዕጢ ላይ የኤስትሮጅን ተቀባይን መርምሮ ሁለት ሲሶ ያህሉ ተቀባዩ እንዳለባቸው አገኘ። ስለ አፍሪካውያን ሴቶች የጡት ካንሰር ሲባል ሆርሞን የማይቀበል ዓይነት ይበዛል የሚል ግምት ሰፍኖ ስለነበር ይህ ታላቅ ዜና ነበር፤ ከሦስት ኢትዮጵያውያት ሁለቱን ርካሹ ክኒን ሊጠቅማቸው ይችላል ማለት ነውና። የተቀባይ ምርመራ በማይገኝባቸው ቦታዎችም ሐኪሞች ይህንኑ ግምት ይዘው ታሞክሲፌን ያዛሉ። ኬሞቴራፒና ጨረር ለራቀባት ሴት ያለው ብቸኛ መድኃኒት እርሱ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የ43 ዓመቱ መካከለኛ ዕድሜ የጎንዮሽ ጉዳቱን መልክም ይወስናል። በአውሮፓ የታሞክሲፌን ተጠቃሚ በብዛት ያረጠች፣ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። በኢትዮጵያ ብዙዎቹ ገና የወር አበባ የሚያዩ፣ አንዳንዶቹም ልጅ የሚፈልጉ ናቸው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ከማህፀን ካንሰር ይልቅ የወር አበባ መዛባት፣ የትዳር አልጋና የመውለድ ጥያቄ ይቀድማሉ።

ሌላው ለኢትዮጵያ የተለየ ጉዳይ በጉበት ውስጥ ነው። ታሞክሲፌን እንደተዋጠ ብዙ አይሠራም፤ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ኢንዶክሲፌን ወደሚባል ኃይለኛ ውሕድ ሲለውጠው ነው ሥራውን የሚሠራው። በካሮሊንስካ ተቋም የምትሠራው ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር በ1996 ባሳተመችው ጥናት ከ122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ይህን ኢንዛይም የሚሠራ ዘረ መል ተባዝቶ እንደሚገኝባቸው ታየ። ይህ በአውሮፓውያን ላይ ከሚታየው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ2019 ደግሞ ታሞክሲፌን በሚወስዱ ኢትዮጵያውያት ደም ውስጥ ያለው የኢንዶክሲፌን መጠን ከዚህ ዘረ መል ጋር እንደሚያያዝ ታይቷል። እንግዲህ በሌላ ሕዝብ ላይ ተለክቶ የመጣ 20 ሚሊግራም ክኒን በአንዷ ኢትዮጵያዊት ደም ውስጥ ከሌላዋ በጣም የተለየ መጠን ሊሰጥ ይችላል። ሁለት ሴቶች አንድ ክኒን ውጠው አንዷ ምንም ሳይላት ሌላዋ ስትሠቃይ፣ የሁለተኛዋ ቅሬታ የደካማነት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ደብረ ብርሃንና አንኮበር ዛሬ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አንኮበር ከዚያ ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ለአንኮበር ገጠር ሴት ጥቁር አንበሳ ማለት የመኪና ወጪ፣ የማደሪያ ወጪና አብሮ የሚሄድ ሰው ማለት ነው። ከ2023 ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም ተጨምሯል። በሦስት ወር አንዴ ሐኪም ፊት የምትቀርብ ሴት በመካከል የሚገጥማትን ሙቀትና የእግር እብጠት የምትጠይቀው ጎረቤቷን ነው። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያለው የጤና ሳይንስ ግቢ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ተሰይሟል፤ አንጋፋው ቀዶ ሐኪም በአዲስ አበባ የሕክምና ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙት አንዱ ነበሩ። ይህ ግቢ የሚያወጣቸው ነርሶች፣ ፋርማሲስቶችና ሐኪሞች ናቸው ለዚህች ሴት በቅርብ ሊደርሱላት የሚችሉት።

በዚህ አካባቢ የታሞክሲፌን ሙቀት የራሱ አስቸጋሪነት አለው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ከመኸር በኋላ ሌሊቱ ውርጭ የሚሆንባት፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀ ከተማ ናት። በዚያ ብርድ ሴቲቱ በላብ ተጠምቃ ትነቃለች፤ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ እርጥብ ገላዋን ውርጭ ይመታዋል። ቤተሰቧ ምች ነው፣ ብርድ ነው፣ ወይም በሽታው ተመለሰ ሊላት ይችላል፤ ዳማከሴም ይጨመቅላታል። ሙቀቱ የመድኃኒቱ ሥራ መሆኑን፣ በብዙ ሴቶች ላይም ከወራት በኋላ እየቀለለ እንደሚሄድ አስቀድሞ የነገራት ሰው ካለ ግን ሌሊቱን ሳትደነግጥ ታሳልፈዋለች።

በሰሜን ሸዋ ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ከሩቅ አገር ሕመምተኛ የሚመጣባቸው የጠበል ቦታዎች ናቸው። ጠበልና ክኒን አይጣሉም። ቀድሞ በኤችአይቪ ጊዜ ብዙዎች መድኃኒታቸውን ትተው ጠበል ይገቡ ነበር፤ በ2000ዎቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸው ብዙ ሰው አትርፏል። የሆርሞን ክኒንም እንዲሁ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ስለሚዋጥና ምግብ ኖረም አልኖረም ስለሚሠራ ከሁዳዴ ጾም ጋርም አይጋጭም፤ ማታ ከፈታች በኋላ ብትውጠው ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ሳይነገር የሚቀረው የወሊድ ጉዳይ ነው። የወር አበባዋ ሲቆም ሴቲቱ ከእንግዲህ አላረግዝም ብላ ታስባለች። ታሞክሲፌን ግን እንቁላል ያነሣሣል፤ አልደርሊ ፓርክ ውስጥ የወሊድ መከላከያነቱ የከሸፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። በመድኃኒቱ ላይ ሳለች ብታረግዝ ለጽንሱ አደገኛ ነው። በገጠር በብዛት የሚሰጡት በመርፌ የሚወጋውና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ሆርሞን ስላለባቸው የጡት ካንሰር ለያዛት ሴት አይመከሩም፤ ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም ነው የሚስማማት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይህን ካላወቀች በቅንነት የሰጠችው መርፌ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ለጭንቀትና ለድብርት በአገሪቱ በሰፊው የሚታዘዘው ፍሉኦክሴቲን፣ እንዲሁም ፓሮክሴቲን፣ ታሞክሲፌንን ወደ ኢንዶክሲፌን የሚለውጠውን ኢንዛይም ያግዳሉ። ስለዚህ ያዘነችውን ሴት ለማጽናናት የታዘዘ መድኃኒት የካንሰሩን መድኃኒት ሊያደክመው ይችላል። ሐኪሙ ሌላ መምረጥ ይችላል፤ ግን ታሞክሲፌን እንደምትወስድ ሊነገረው ይገባል።

መድኃኒቱን አቋርጦ መተው የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። በ2010 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከ8,700 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እስከ አራት ዓመት ተኩል ድረስ ክኒኑን በሚገባ የወሰዱት ከግማሽ በታች መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከ40 ዓመት በታች ያሉት ይበልጥ ያቋርጡ ነበር። ሐኪምና መድኃኒት ቤት በደጃፋቸው ያሉ ሴቶች እንዲህ ከሆኑ፣ ከአንኮበር ገደል ወጥታ አዲስ አበባ ድረስ የምትመላለሰዋን ሴት በቸልተኝነት መውቀስ ግፍ ነው። የጎደላት ትዕግሥት አይደለም፤ ስለ ጣጣው አስቀድሞ የሚነግራት ሰው ነው።

ካረጠች በኋላ ደም የፈሰሳት፣ አንድ እግሯ ብቻ ያበጠና የሚያማት፣ ድንገት ትንፋሽ ያጠራት ወይም ደረቷን የወጋት ሴት ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ወደሚቀርባት ሆስፒታል ትሂድ። ሙቀቱ፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ወይም ድርቀቱ በዝቶባት ክኒኑን ለመተው ያሰበች ደግሞ ከመተዋ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ ጣጣውን ለብቻው ማከም፣ መድኃኒቱን ለአጭር ጊዜ አሳርፎ መቀጠል ወይም በሌላ ሆርሞን አጋጅ መለወጥ ይቻላል።